ጎመን ውስጥ የተተከለው ፌርማታ

«ማዘር፣ ደርሻለሁ፤ ይውጡ።»

«ወጥቼ በሩ ላይ ቆሜያለሁ ልጄ። የታለህ?»

«እርስዎ ጋ ነኝ እኮ! ካርታው ልክ እርስዎ ላይ አምጥቶ ነው ያቆመኝ።»

ባለፈው ሳምንት ነው። ጉልበቴን ለሐኪም ላሳይ በስልክ ታክሲ ጠርቼ ነበር። ግራ ቀኙን ባይ የጎረቤቴ አጥር ላይ ከተኛች ድመት በስተቀር የቆመ ነገር የለም። «ፊት ለፊትህ ምን ይታይሃል?» ብዬ ጠየቅኩት። «ጎሚስታ አለ፤ ከጎኑ ቀለም መሸጫ» አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ልጁ ያለው ከወንዙ ማዶ ነው። ጮክ ብዬ ብጠራው ይሰማኛል፤ በመኪና እኔ ዘንድ ለመድረስ ግን እስከ አዲሱ ገበያ ወርዶ፣ ዞሮ፣ እንደገና ዳገቱን መውጣት አለበት። ይህን ብነግረው ተቆጣ። ማንን? እኔን!

«ካርታው እዚህ ነው የሚለው እናቴ፤ እኔ ምን ላድርግ?»

«ቤቴ የት እንደሆነ ካርታው ሊነግረኝ ነው እንዴ?»

ጥሪውን ሰርዞ ሄደ። በሌላ ታክሲ ተንገላትቼ ሐኪሙ ዘንድ ደረስኩ። ወረፋ እየጠበቅኩ ሳለ ግን ንዴቱ አልበርድልህ አለኝ። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ሁለት ጊዜ ዞር ብለው አዩኝ፤ ለካ ብቻዬን እያጉረመረምኩ ነው። አንድ የታክሲ ሹፌር ወንዝ ማዶ ስለቆመ ሰው ይህን ያህል ይናደዳል? ብዬ ራሴን ታዘብኩ። በኋላ ሳስበው የተናደድኩት በልጁ አይደለም። ንዴቱ እሱ ከመወለዱ በፊት የነበረ ነው።

ያኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ ነበር። ጂኦግራፊ ተምሬ፣ ለወራት ሥራ ፈልጌ አጥቼ፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ቆሜ «ጌታ ሆይ፣ አንድ በር ክፈትልኝ» እያልኩ የምጸልይበት ጊዜ። በሩ ተከፈተ፤ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት በጊዜያዊ ኮንትራት ቀጠረኝ። ከተማው አዳዲስ የአውቶቡስ መስመሮች ሊከፍት አስቧል፤ ከዚያ በፊት መንገዶቹና ፌርማታዎቹ ሁሉ የት የት እንዳሉ ተመዝግቦ መታወቅ አለበት። የእኛ ክፍል ሥራ ይህ ነበር። አባቴ ከወላይታ መጥቶ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ሲያጥብ የኖረ ሰው ነው፤ ኮምፒውተር ፊት ልቀመጥ መሆኑን ሲሰማ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ የከተማውን ካርታ ልትሠራ ነው» ብሎ አወራልኝ። ያ ወሬ በኋላ ምን ያህል እንዳስጨነቀኝ እሱ አላወቀም።

ሰፈራችን እንጦጦ ሥር፣ ወንዙ ገደል ቆርጦ በሚወርድበት ዳር ነው። ከወንዙ ማዶ ወደ ዊንጌት የሚሄደው አስፋልት አለ፤ አውቶቡሱ የሚያልፈው በዚያ ነው። በበጋ ወደ ገደሉ ወርደን፣ ድንጋይ በድንጋይ እየዘለልን ተሻግረን፣ በማዶው አቀበት እንወጣለን። ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ድንጋዮቹን ይውጣቸዋል፤ ውኃው ቡናማ ሆኖ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጫማ እየተሸከመ ይወርዳል። ያን ጊዜ ያለን አማራጭ በሰፈሩ ጀርባ ዞሮ አዲሱ ገበያ የሚያደርሰው የጠጠር መንገድ ነው። ረጅም ነው፤ ሰፊም ነው። የአሸዋ መኪና ይወጣዋል። አውቶቡስም ቢታዘዝለት ይወጣው ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ስንት ዓመት ሙሉ ሲለምኑ የኖሩት ይህንኑ ነው፤ አዲሱ ገበያ ላይ የሚያበቃው አውቶቡስ ትንሽ ከፍ ብሎ እኛ ዘንድ ይድረስ።

ጠጠሩ መንገድ ቤቶቹ ጋ ደርሶ ሲያበቃ፣ በጠባቡ የእግር መንገድ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ የእትዬ ዘይነባ ሱቅ አለ። እትዬ ዘይነባ ከስልጤ የመጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቁመታቸው አጭር ድምፃቸው ረጅም ሴት ነበሩ። ከሱቁ ጀርባ ጎመን ይተክላሉ። ያን ጎመን ቀቅለው፣ በቅቤና በሚጥሚጣ አሽተው፣ ከትኩስ ቆጮ ጋር ሲያቀርቡት የልጅነቴ ጣፋጭ ምግብ እሱ ነበር፤ ዛሬም ሆቴል ቤት አዝዤ ያን ጣዕም አላገኘሁትም። ልጃቸው ሐያት አብሮ አደጌ ናት። ከእኔ ታንሳለች፤ ግን አፏ ከእኔ ይቀድማል። ሕፃን ሳለች ፖሊዮ ይዟት በሁለት ክራንች ነው የምትሄደው። ዊንጌት ስትማር ታላቅ ወንድሟ ጠዋት ማታ ወንዙን በጀርባው አዝሎ ያሻግራት ነበር። ወንድሟ ለንግድ ጅማ ሄዶ ቀረ። በዚያ ክረምት ሐያት የመምህራን ኮሌጅ መግባቷን የሚገልጽ ወረቀት ደረሳት። ኮሌጁ ከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው፤ አዳር የለውም። በየቀኑ ታክሲ በኮንትራት መያዝ ደግሞ ለእነሱ የሚታሰብ ነገር አልነበረም።

«ዘንድሮ አውቶቡስ ያመጡልናል እያሉ ነው» ትለኝ ነበር ሐያት፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልን። «አንቺም እዚያው ስላለሽ ቶሎ በሉ በያቸው።»

ሥራችን እንዲህ ነበር። የመስክ ሠራተኞቹ ከሳተላይት ጋር የሚነጋገር፣ ያኔ ብርቅ የነበረ መሣሪያ ይዘው ከፌርማታ ፌርማታ ይዞራሉ። በየፌርማታው ቆመው መሣሪያው የሚሰጣቸውን ቁጥር ያመጣሉ። እኔ ቁጥሩን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባለሁ፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ በከተማው የቆየ ካርታ ላይ ነጥብ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ደስ የሚል ሥራ ነበር። አንድ ቀን የእኛን ሰፈር አካባቢ ስሠራ ግን አንዱ ነጥብ ዓይኔን ያዘው። ማዶ አስፋልቱ ዳር መሆን ያለበት ፌርማታ ወንዙን ተሻግሮ እኛ ሰፈር ውስጥ ተቀምጧል። ጠጋ ብዬ ሳየው እትዬ ዘይነባ ቤት ላይ ነው። ሳቄ መጣ። የሌሎቹንም ነጥቦች አየሁ፤ ሁሉም ከቦታቸው ወደ ሰሜን ሸሽተዋል።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙም አልደከምኩም፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩን ነገር ነው። የቆየው ካርታ ሲሠራ የተለካበት መነሻ አንድ ነው፤ የሳተላይቱ መሣሪያ የሚለካበት መነሻ ሌላ ነው። አንዱን ወደ ሌላው ሳይመልሱ ዝም ብለው ቢያስቀምጡት ሁሉም ነገር ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ይንሸራተታል። ሜዳማ አገር ቢሆን ሁለት መቶ ሜትር ምንም አይደል፤ ሰው ትንሽ ይራመዳል። ጉለሌ ላይ ግን ሁለት መቶ ሜትር ማለት ገደል ማለት ነው፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ሰው የሚወስድ ጎርፍ ማለት ነው።

ሳቄ የቆመው በነጥቡ ዙሪያ ያለውን ክብ ሳይ ነው። ጥናቱ በእያንዳንዱ ፌርማታ ዙሪያ ክብ ያሰምራል። ክቡ ውስጥ የገባ ሰፈር «አገልግሎት ያለው» ይባላል። አዲሶቹ መስመሮች የሚሰጡት ከክቡ ውጭ ለቀሩት ነው። የእኛ ሰፈር ከነሽማግሌዎቹ፣ ከነሐያት፣ ክቡ መሐል ተቀምጧል።

በዚያው ሰዓት ተነስቼ የክፍሉን ኃላፊ አቶ ደረጀን ፍለጋ ሄድኩ። አቶ ደረጀ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ውጭ አገር የተማሩ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ኪሳቸው ለውዝ የማያጣ፣ ትሑት ሰው ናቸው። የማስረዳቸውን እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። መነጽራቸውን አውልቀው ካርታውን አዩ።

«ልክ ነሽ» አሉኝ።

እፎይ አልኩ። ልጅነት! ልክ መሆን የሚበቃ መስሎኝ ነበር።

«እንግዲያውስ ላርመዋ?»

«ሪፖርቱ እኮ ገብቷል ምሕረት። ጸድቋል።»

«ቢጸድቅስ? ስህተት ነው እኮ አቶ ደረጀ።»

«አንዱን ካነሳሽ ሁሉም ይነሳል። ሁሉም ከተነሳ ጥናቱ ይነሳል። ጥናቱ ከተነሳ…» ለውዛቸውን ፈለፈሉ። «ለሚቀጥለው ምዕራፍ እንይዘዋለን።»

የሚቀጥለው ምዕራፍ! ይህችን ቃል ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት። በሳምንቱ ስጠይቃቸው የሚቀጥለው ምዕራፍ። ወር ቆይቼ ስጠይቃቸው የሚቀጥለው ምዕራፍ። ምዕራፉ መቼ እንደሚጀምር፣ ማን እንደሚጀምረው የሚያውቅ ሰው ግን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አልነበረም። «አይሆንም» ቢሉኝ ኖሮ እጣላቸው ነበር። «ልክ ነሽ» ከሚል ሰው ጋር እንዴት ይጣላሉ?

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሽማግሌዎቹ ለአውቶቡሱ ጥያቄ መልስ ሊሰሙ ቀበሌ ተጠሩ። እትዬ ዘይነባም ሄደው ነበር። ሲመለሱ በዝናብ ረጥበው፣ ነጠላቸውን እየጨመቁ፣ በቀጥታ እኛ ቤት ገቡ።

«ምሕረትዬ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስቲ አስረጂኝ። ‘ሰፈራችሁ ፌርማታ አለው’ አሉን። የት? ብንላቸው ‘ካርታው ላይ አለ’ ይሉናል። ወላሂ ያመማቸው መሰለኝ!»

አስረዳኋቸው። አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። ከዚያች ቀን በኋላ ስለ ካርታው ሥራዬ ለማንም አላወራም። ሐያት በነጋታው ሰማች።

«ማለቴ… ፌርማታው እኛ ቤት ላይ ነው?»

«እናንተ ቤት ላይ።»

«በቃ፣ ቤቴ ተቀምጬ አውቶቡስ አለኝ» አለችና ሳቀች። ሳቋ ግን ዓይኗ ድረስ አልወጣም።

የባሰው ነገር የመጣው በነሐሴ ነው። ቅዳሜ ነበር፤ ካፊያው እየጣለ ከሐያት ጋር ሱቁ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ በጠጠሩ መንገድ በኩል አራት ሰዎች ረጅም የብረት ምሰሶ እንደ ሬሳ ተሸክመው ብቅ አሉ። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። መኪናቸው መንገዱ ካበቃበት ላይ ቆሞ ቀርቷል። ከፊት ከፊት የሚሄደው አለቃቸው በላስቲክ የጠቀለለ ካርታ ይዟል። ምሰሶው ጫፍ ላይ ሰማያዊ ሰሌዳ አለ፤ ሰሌዳው ላይ አውቶቡስ ተሥሏል። ጥናቱ በመዘገበው ፌርማታ ሁሉ ምልክት ይተከል ተብሎ ነበር።

ከሱቁ ጀርባ ዞሩ። ካርታውን ገለጡ፤ የወንዙን መታጠፊያ አዩ፤ ትንሽ ወደ ግራ ተራመዱ፤ ቆሙ። ቆፋሪው አካፋውን ጎመኑ መሐል ሰካ።

እትዬ ዘይነባ ወጡ። «ምን እያደረጋችሁ ነው? ጎመኔን!»

«ፌርማታ ልንተክል ነው እናቴ» አለ አለቃው። «ቦታው እዚህ ነው።»

«አውቶቡሱ በየት ሊመጣ? በወንዙ ሊዋኝ?»

አለቃው ቀና ብሎ ገደሉን አየ። አጥሩን አየ። እነሱ ራሳቸው በጎን እየሾለኩ የመጡበትን የእግር መንገድ አየ። ሁሉም ነገር እንደገባው ፊቱ ላይ ይነበባል።

«እሱ እኛን አይመለከትም» አለ። «እኛ የተሰጠን ነጥብ ነው።»

ማዶ አስፋልቱ ላይ ያለውን እውነተኛውን ፌርማታ በጣቴ አሳየሁት፤ ሰዎች ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል፤ ይታያሉ። «እኔ እዚያው መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው፤ ካርታው ተሳስቷል» አልኩት። «እንግዲያውስ አንቺ ነሽ የላክሽን» ብሎ ሳቀብኝ። ቆፈሩ፣ ምሰሶውን አቆሙ፣ ሲሚንቶ አፈሰሱ። ዝናቡ በረታ። እትዬ ዘይነባ እየተሳደቡ ገቡ፤ እየተሳደቡ የዝንጅብል ሻይ አፍልተው ይዘው ወጡ፤ አራቱን ሰዎች ከጣራው ክዳን ሥር አስገብተው ዳቦ ቆርሰው ሰጧቸው። «የሰው ልጅ ናችሁ፤ ትበርዳላችሁ» አሏቸው። «ጎመኔን ግን አላህ ይጠይቃችሁ።»

ሰኞ ጠዋት ለአቶ ደረጀ ነገርኳቸው።

«ጎመን ውስጥ?»

«ጎመን ውስጥ።»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ሳቁ ሲያልቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሥራውን ከተቋራጩ የሚረከበው ኮሚቴ ሲወጣ ይታያል። አንቺ እዚያ ምንም አትናገሪ። ኮንትራትሽ የሚታደስበት ጊዜ ነው፤ አይደል?» አሉኝ። ለእኔ አስበው ነው የተናገሩት፤ ይህም ያናድደኛል።

ኮሚቴው የወጣው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ጭቃው ገና አልደረቀም፤ በአጥሩ ሥር አደይ አበባ ፈክቷል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ግዙፍ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው፤ ጫማቸው ያበራል። መኪናው መንገዱ መጨረሻ ላይ ቆመ፤ የቀረው በእግር ሆነ። እኔ የካርታውን ጥቅል ተሸክሜ ከኋላ እከተላለሁ። ሰብሳቢውን ሁለት ጊዜ አንሸራተታቸው፤ ሁለተኛው ላይ አቶ ደረጀ ክንዳቸውን ያዙላቸው። «አውቶቡስ በዚህ ነው የሚያልፈው?» አሉ ሰብሳቢው።

የሱቁን ጥግ ስንዞር ሐያትን አየናት።

ይህን እንደምታደርግ አልነገረችኝም ነበር። ምሰሶው ሥር፣ ጎመኑ መሐል፣ ወንበር አስቀምጣ ተቀምጣለች። ለዒድ የተገዛላትን ቀሚስ ለብሳለች፤ ነጭ ሻሽ አስራለች። ክራንቾቿን ምሰሶው ላይ አስደግፋለች። ጭኗ ላይ የደብተር ቦርሳ አለ። እናቷ ከበሩ ሆነው ያያሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው አይሰማም።

«ልጄ፣ ምን እያደረግሽ ነው እዚህ?» አሉ ሰብሳቢው።

«አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነው ጋሼ።»

«እዚህ?»

«ፌርማታችሁ ነው ተብሎ ተተከለልን። ሰኞ ትምህርት እጀምራለሁ፤ ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው። እናንተ ታውቁ ይሆን?»

ከኮሚቴው አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ሰብሳቢው ክራንቾቹን አዩ፤ ገደሉን አዩ፤ ከዚያ ወደ አቶ ደረጀ ዞሩ።

«የተከላ ስህተት ነው» አሉ አቶ ደረጀ ፈጠን ብለው። «ተቋራጩ በቦታው…»

«አይደለም» አልኩ።

ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም። አቶ ደረጀ እንደ ልመና አድርገው አዩኝ። እኔ ግን ያየሁት ሐያትን ነው፤ አገጯን ቀና አድርጋ ተቀምጣለች።

«ተቋራጩ የተከተለው እኛ የሰጠነውን ካርታ ነው» አልኩ። ካርታውን የምዘረጋበት ስላጣሁ ሐያት ጭን ላይ ዘረጋሁት፤ እሷ ሁለቱን ጫፎች ያዘችልኝ። ነጥቡን አሳየሁ፤ ማዶ የቆሙትን ሰዎች አሳየሁ፤ ክቡን አሳየሁ። ይህ ሰፈር አውቶቡስ የተከለከለው ይህ ነጥብ እዚህ ስላረፈ መሆኑን ተናገርኩ። ሰብሳቢው ጎንበስ ብለው፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ተመለከቱ።

«እንዲህ የሆነው ይህ ብቻ ነው?»

«በሙሉ ነው ጌታዬ።»

ከዚያ ሰብሳቢው ቀና ብለው ትእዛዝ ሰጡ፤ «ምሰሶው ይነቀል። ማዶ ይወሰድ።»

«ካርታውስ?» አልኩ።

«እሱን በጽሑፍ አቅርቡ።»

በዚያው ሳምንት ምሰሶው ተነቀለ። ይህን ያህል ፍጥነት መሥሪያ ቤቱ እንዳለው አላውቅም ነበር! ምሰሶ ያሳፍራላ፤ ሰው ያየዋል። ነጥቡን ግን ማንም አያየውም፤ ስለዚህ ካርታው ላይ እዚያው እትዬ ዘይነባ ቤት ተቀምጦ ቀረ። ክቡም አልተነካም። አዲሱ መስመር ለሌላ ሰፈር ተሰጠ። የእኔም ኮንትራት ሳይታደስ ቀረ፤ አቶ ደረጀ በር ድረስ ሸኝተውኝ፣ «ልክ ነበርሽ እኮ» አሉኝ። ለውዝም ሰጡኝ። አልተቀበልኩም።

ሐያት ሰኞ ትምህርት ጀመረች። ከሱቁ አጠገብ ያለ ጎረቤት እያሻገራት፣ ሰው ሲጠፋ እኔው እየያዝኳት፣ ጥቂት ሳምንታት ሞከረች። አንድ ቀን ማንንም ሳትጠብቅ ብቻዋን ወደ ወንዙ ወረደች። የተረገጠው ድንጋይ ያንሸራትታል፤ ወደቀች። አንዱን ክራንች ውኃው ወሰደው፤ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ጄሶ ታስሮላት ቤት ዋለች። ፈተና አመለጣት፤ ያን ዓመት ኮሌጁ ስሟን ሰረዘው። ልጠይቃት ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ አገኘኋት። አፈኛዋ ሐያት አንድ ቃል አልተናገረችኝም።

እኔ ሥራ ፈት ነኝ። ስለዚህ እትዬ ዘይነባን ይዤ የሰብሳቢው ቢሮ መመላለስ ጀመርኩ። ኮሪደሩ ላይ ያለውን አግዳሚ ወንበር ዛሬም አልረሳውም፤ አንድ እግሩ አጭር ነበርና ሁለታችን እኩል ካልተቀመጥን ይዘማል። ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትለናለች። «ነገ ኑ» ትለናለች። እትዬ ዘይነባ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሳምቡሳ በፌስታል ቋጥረው ይመጣሉ፤ እየበላን እንጠብቃለን። በመጨረሻ ጸሐፊዋም ሳምቡሳውን ለመደችው። ሐያት ጄሶው ሲፈታላት እሷም በአዲስ ክራንች አብራን መጣች። በዚያ ቀን ሰብሳቢው ከቢሯቸው ሲወጡ አይተዋት ቆሙ።

«የፌርማታዋ ልጅ! ትምህርት እንዴት ነው?»

«አቋረጥኩ ጋሼ» አለች። «ወንዙ ላይ ወደቅኩ።»

ፊታቸው ተለወጠ። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆመው አቶ ደረጀን በስልክ አስጠሩ። ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም፤ በሩን ዘግተው ነው። በሳምንቱ ግን አቶ ደረጀ ራሳቸው ቤታችን ድረስ መልእክት ላኩብኝ፤ ነጥቦቹን የሚያርም ሰው ጠፍቷልና እንድመጣ።

ሄድኩ። የድሮ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። መነሻውን ከመነሻው ጋር የሚያስታርቀውን ስሌት አስገባሁ፤ ቁልፉን ተጫንኩ። ነጥቦቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ ተቀምጠው እንደተነሱ ወፎች፣ ወደ ደቡብ ወረዱ። የእኛው ፌርማታ ወንዙን ተሻግሮ አስፋልቱ ዳር አረፈ። ክቦቹም አብረው ወረዱ፤ ሲወርዱ በዳገቱ ሁሉ አገልግሎት አላቸው የተባሉ ሰፈሮች አንድ በአንድ ባዷቸውን ቀሩ። ሐያትን የመሰለ ስንት ሰው በየገደሉ አፋፍ ተቀምጦ እንደነበር ያን ጊዜ አየሁ። አቶ ደረጀ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። ሥራው ምሳ በልቼ ጀምሬ ሰዎቹ ወደ ቤታቸው ሳይወጡ አለቀ። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ወር የለመንኩት። ለዚህ ነው ሐያት አንድ ዓመት የከፈለችው። ስክሪኑን ዘግቼ ሽንት ቤት ገባሁና አለቀስኩ፤ ከንዴት እንጂ ከደስታ አልነበረም።

በተከታዩ ዓመት ሐያት ኮሌጁን እንደገና ተቀላቀለች፤ ዊንጌት ካለች አክስቷ ዘንድ አልጋ ተጋርታ። አውቶቡሱ ግን ለበጀት ተይዞ፣ ለመንገዱ ጥገና ተጠብቆ፣ በጠጠሩ ላይ እያቃሰተ ሰፈራችን ሲደርስ እሷ ተመርቃ ሐዋሳ አካባቢ ማስተማር ጀምራ ነበር። በመጀመሪያው ቀን እትዬ ዘይነባ ተሳፈሩ። አዲሱ ገበያ ወርደው፣ ምንም ሳይገዙ፣ በዚያው አውቶቡስ ተመለሱ። እንግዳ እንደሚቀበል ሰው የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው ነበር።

ዛሬ መንገዱ አስፋልት ሆኗል። ጠዋት ጠዋት ፌርማታው ላይ ተማሪዎች ተሰልፈው አውቶቡስ ዘገየ ብለው ሲነጫነጩ እሰማለሁ። ደስ ይለኛል። ካርታ የሚሠሩ ወጣቶችም አልፎ አልፎ ታብሌት ይዘው በሰፈሩ ያልፋሉ። በትሕትና ሰላም ይሉኛል፤ ብዙዎቹ መንገዱ ዳር ቆመው ወደ ቤቶቹ እየጠቆሙ ይሞላሉ። «ግቡ እንጂ፤ ቦታው ላይ ቁሙ» ስላቸው ይስቃሉ። አሮጊቷ ጨቅጫቃ ናት ብለው የሚያወሩ ይመስለኛል። ያውሩ።

ስህተትን ይቅር ማለት እችላለሁ። መሣሪያ ይሳሳታል፤ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ብዙ ተሳስቻለሁ። ይቅር ማለት ያቃተኝ ስህተት መሆኑን እያወቁ በቀና ፊት ማስቀመጥ ነው። የሚጎዳው ሰው ሩቅ ስለሆነ ነጥብ ብቻ ይመስላል።

ከሐኪም ቤት በተመለስኩበት ማታ ለሐያት ደወልኩላት። አሁን የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ናት፤ የልጅ ልጅ አይታለች። ጉልበቴን ጠየቀችኝ፤ የእናቷን መቃብር አጥር ማሳደስ እንዳለብን ተነጋገርን። ከዚያ እንዲሁ በድንገት፣ «ያኔ የሆነው ነገር አሁንም ያናድድሻል?» አልኳት።

«ምሰሶው ያስቀኛል» አለች። «የተማሪዎቼ መሳቂያ አድርጌዋለሁ። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ኮሌጅ ስመለስ ዊንጌት አብረውኝ የጨረሱት ልጆች ሁለተኛ ዓመት ገብተው ነበር። ግቢ ውስጥ ሲያገኙኝ ‘የት ጠፍተሽ ነው?’ ይሉኛል። ምን እላቸዋለሁ? ታምሜ ነበር እላለሁ። እስከ ምረቃ ድረስ ታምማ ነበር ሲሉኝ ኖሩ።»

«እኔ እኮ ይህን አላውቅም ነበር» አልኳት።

«ለማን ይነገራል?» አለች ሐያት። «አንጓዬ ከዳነ በኋላ ደህና ነበርኩ እኮ ምሕረት። ምንም አላመመኝም ነበር።»